ሐረር ዘመድ አለህ?

ሐረርን በቅዳሜና እሁድ አይቶ ሊመለስ ያሰበ ሰው ከሆቴሉም፣ ከመኪናውም፣ ከአስጎብኚውም አስቀድሞ አንድ ነገር ማጣራት አለበት፤ እዚያ ዘመድ እንደሌለው። ዘመድ የሌለው ሐረርን ያያል። ዘመድ ያለው የሚያየው የዘመዱን ሳሎን ነው። ሳሎኑ ደግሞ ጉለሌ ካለው ሳሎን በምንም አይለይም። የተመራቂዋ ልጅ ፎቶ አለ፣ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ቡፌ አለ፣ ለእንግዳ ክብር ተብሎ የሚከፈትና ማንም የማያየው ቴሌቪዥን አለ።

እኔ አክስት አለችኝ። ሸንኮር ተወልዳ፣ ሸንኮር ተድራ፣ ልጆቿንም እዚያው ድራ የተቀመጠች፣ ለቁልቢ ገብርኤል ካልሆነ ከሐረር የማትወጣ ሴት ናት። እንዲህ ያለች አክስት እያለች ሆቴል ማደር አይታሰብም። ቀብር የቀረ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ ደርሶ ይቅር ይባላል። ሰርግ የቀረም ስጦታ ልኮ ይታረቃል። አክስቱ ያለችበት ከተማ ገብቶ ሆቴል ያደረ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በቤተሰቡ ዘንድ የሚታወቀው "ያ ሆቴል ያደረው" ተብሎ ነው።

ተደብቄ ልግባ የሚል ካለ ይሞክር። ከድሬዳዋ ሐረር በሚወስደው ሚኒባስ ከተሳፈሩ በኋላ ግን ምስጢር የሚባል ነገር የለም። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ገና የደንገጎን ዳገት ሳንጀምር "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። እኔ ስመልስ ከኋላ ያለችው ሴትዮ አክስቴን አወቀቻት፤ ከፊት ያለው ሰውዬ ደግሞ የሟቹን ባሏን። ረዳቱ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ እኚያን ሽማግሌ "አንተ፣ ጠጋ በል እንጂ አቦ!" ሲላቸው ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ። ሌላ የደነገጠ ሰው የለም። ሽማግሌውም ጠጋ አሉ። አንቱታ ወደዚያ አገር ለሚወርድ ሰው እንደ ካፖርት ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ያስወልቀዋል፣ ሐረር ላይ ነፋሱ ቢመለስም መልሶ የሚለብሰው የለም።

መንገዱ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከድሬዳዋ ቆላ ተነስቶ ተራራውን ሲጠማዘዝ ጆሮ ይደፍናል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ሹራብ ይወጣል። ሐረማያ ሐይቅ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ አሁን ውኃው ተመልሷል፤ የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ጨዋታውን አቋርጦ "እዩት እዩት" ይላል፣ ትናንትም ያየው ቢሆን። ከዚያ አወዳይ ትመጣለች። አወዳይ የጫት ገበያ ናት፤ ሌሊትም ቀንም አትተኛም፤ መኪናው ሲቆም በየመስኮቱ እስር እስር ቅጠል ይገባል። ሹፌሩ የራሱን ይመርጣል፣ ረዳቱ የራሱን ይመርጣል፣ ጉዞውም ከዚያ በኋላ በጨዋታ የተሞላ ይሆናል።

የገባሁት ዓርብ ማታ ነው። ሆን ብዬ ነው፤ ጾም ነው፣ ቀለል ያለ ነገር በልቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ጀጎልን፣ ዞሬ አያለሁ የሚል ስሌት ነበረኝ። አክስቴ በጾም ስም ያቀረበችውን ለመዘርዘር ወረቀት ይፈጃል። ሽሮው ብቻ ሁለት ዓይነት ነው። "አልበላህም" አለችኝ፣ ሦስተኛውን እንጀራ እየዘረጋች። "አዲስ አበባ የሚያበላህ የለም ማለት ነው። አላገባህም አይደል?" ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው ሳሙኝና ያደግኩበትን ፍጥነት አደነቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የሚያስወጣ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን። "መድኃኔዓለም ተሳልሜ ልምጣ" የሚልን ልጅ ቁርስ ብላ ብሎ የሚያስቀምጥ አክስት የለም። መድኃኔዓለም ያለው ደግሞ እዚያው ጀጎል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ነው። ውሸት እንዳይሆን ተሳልሜአለሁ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ፈጢራ።

ፈጢራ ሌላም ቦታ ይሠራል፤ አዲስ አበባ የሚሸጠውን በልቶ አውቀዋለሁ የሚል ሰው ግን ገና አላወቀውም። ሠሪው ሊጡን ዘይት በጠጣ ሰሌዳ ላይ በመዳፉ እየመታ ይገፋዋል፣ ይወጥረዋል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል፤ እንቁላሉን መሐሉ ላይ አፍስሶ እንደ ፖስታ በአራት በኩል ያጥፈውና ምጣዱ ላይ ይጥለዋል። ሲወጣ በቢላ ይከታተፋል፣ ማር ይፈስበታል። ከጎኑ ሻይ። የሚበላው በእጅ ነው፣ ጣት ይልሳሉ፣ ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውም እየላሰ ስለሆነ አያሳፍርም። ፉልም አለ፣ ሳምቡሳም አለ፤ ግን አንድ ጠዋት ብቻ ላለው ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። የግመል ወተት የሚያዞሩ ሴቶች ካጋጠሙ መቅመስ ነው፤ ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕም ለአንዳንዱ አይስማማም፤ ለእኔ ግን ተስማምቶኛል።

ሆድ ከሞላ በኋላ ጀጎል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠራው ይነገራል። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው፣ መኪና የሚያስገባው፣ በኋላ የተከፈተ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 እዚህ ገብቶ 10 ቀን ተቀምጧል። የጻፈውን ያነበበ እንደሚያውቀው፣ ከገባ በኋላ ያስጨነቀው አሚሩ መቼ ሂድ እንደሚሉት አለማወቁ ነበር። አክስት ቤት ያረፈ ሰው ይህን ጭንቀት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መቃብር እንዳሉበት አስፍሯል። ይህ ሁሉ በእግር ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በግማሽ ሰዓት በሚያልቅ ቦታ ውስጥ ነው፤ ማለትም ካልጠፉ። መጥፋት ግን አይቀርም። መተላለፊያዎቹ 368 ናቸው ይባላል፤ ሁሉም ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ተቀብተው ይጠመዘዛሉ። አንዳንዱ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም። አስጎብኚዎች የተጣላ ሰው እዚያ ቢገናኝ ሳይነጋገር ማለፍ ስለማይችል ይታረቃል ይላሉ። እኔ አንዱ ጠባብ ላይ ከአህያ ጋር ተገናኘሁ። ታርቀን አልፈናል፤ ወደ ኋላ የሄድኩት ግን እኔ ነኝ።

ከሚታዩት ሁሉ አንድ ብቻ ይመረጥ ቢባል የምመርጠው የሐረሪዎቹን ቤት ነው። አንዳንዶቹ ለእንግዳ ክፍት ናቸው፣ ጥቂት ብር ከፍሎ መግባት ነው። ወለሉ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ ነደባ ነው፣ ቀይ የተቀባ፤ የት እንደሚቀመጥ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉ ተወስኗል። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ተሰቅሏል። ወደ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ሙሽሮች የሚገቡባት ናት፤ ለቀናት አይወጡም፣ ምግባቸው ወደ ውስጥ ይሰጣቸዋል። ከበሩ በላይ ደግሞ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። እዚያ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው ይባላል። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! አንድ ቃል ሳይነገር፣ ማንም ሳይሳቀቅ፣ ያየ ያያል። አክስቴ ምንጣፍ አትጠቀልልም። ለሚገባው ሁሉ፣ ቡና ልትቆላ ለመጣችውም፣ ጋዝ ሊያደርስ ለመጣውም፣ ገና እጄን ሳልዘረጋ "ይሄ እስካሁን አላገባም፤ ሥራም አለው" ትላለች።

የራምቦ ቤት የሚባለውም አይታለፍም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ቅኔውን ትቶ ቡናና ቆዳ ሊነግድ። ቤቱ ግን የህንድ ነጋዴ ያሠራው፣ ባለቅኔው ከሞተ በኋላ የቆመ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። አስጎብኚው ያውቃል፣ ጎብኚው ያውቃል፣ ትኬቱም ይቆረጣል። እኔ አልከፋኝም። ፎቁ ላይ ወጥቶ በባለቀለም መስታወቱ የሐረርን ጣሪያዎች ማየትና የድሮውን የከተማዋን ፎቶግራፎች መመልከት ለብቻው ዋጋውን ያወጣል፤ ሰውዬው ቢኖርበትም ባይኖርበትም መስኮቱ ያው መስኮት ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ አንድ ሰው በግሉ የሰበሰባቸው የድሮ መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥ፣ ሰይፍና ሳንቲም። ያለበት ቤት ራስ ተፈሪ የኖሩበት ነው። እዚህ ቶሎ መግባት ያስፈልጋል። ለምን ቶሎ እንዳልኩ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጃፍ አውጥተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንቀረቅባሉ። ጨርቅ ገዝቶ ሲሰጡ ዞር ብለው እስኪመለሱ ቀሚስ ይሆናል። እኔ ዝርዝር ነበረኝ፤ አዲስ አበባ ያሉ እህቶቼ ጉዞዬን እንደ ሰሙ ያሳሰቡኝ። ወደ ዝርዝሩ ነገር በኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ ጊድር መጋላ ነው፤ ሥጋ ተራው። እዚያ ሥጋ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰማይን ማየት አለበት፤ ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንዱ ሳይታሰብ ይወርድና ከእጅ ላይ ይመነትፋል፤ ጥፍሩ እንኳን አይነካም፣ ሥጋው ብቻ ይሄዳል። ልጆቹ ቁራጭ ሥጋ ለጎብኚ ይሰጡና እጁን ወደ ላይ እንዲዘረጋ ያደርጉታል፤ ፎቶ ለማንሳት። የሰፈሩ ሴቶች ግን ቅርጫታቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ላይም ሳያዩ ያልፋሉ። ልማድ ነው።

ይህ ሁሉ ከስድስት ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ከሰዓት በኋላ ሐረር ላይ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ሐረርን አያውቃትም። ምሳ ይበላል፣ ጫት ይገዛል፣ በርጫ ይጀመራል። ቁልፍ የያዘው ሰው በርጫ ላይ ነው። ትኬት የሚቆርጠው በርጫ ላይ ነው። ቃል የገባው አስጎብኚ "መጣሁ" ይላል፣ አይመጣም፤ መጥቶ ከሆነም ጨዋታው ስላላለቀ ቆሞ ይጨርሰዋል። ገበያው አይዘጋም፤ ነጋዴዋ ሸቀጧ አጠገብ ጋደም ብላ ዋጋውን በዓይኗ ትነግራለች፣ መከራከር ከፈለጉ ደግሞ ሲመሽ ይመለሱ። ፍየሎቹ እንኳን ሰዓቱን ያውቃሉ፤ ገራባ የሚወድቅበት በር ላይ ቀድመው ይቆማሉ። እኔ ጫት አልቅምም፣ የሚቅመውንም አልመክርም። ግን ከተማው ሁሉ ባረፈበት ሰዓት ብቻዬን በፀሐይ ልሩጥ ማለት ግትርነት ነው።

ደግሞም አክስቴ ምሳ አዘጋጅታለች። ዶሮው ጠዋት ሲጮህ ሰምቼው ነበር፤ በመንገዴ ሁሉ ከሕሊናዬ አልጠፋም። ሐረሪ ጎረቤቷ ደግሞ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ ሁልበት መረቅ ልካለች። የአጥንት መረቅ ነው፣ በላዩ አብሽ ተመትቶ እንደ አረፋ የተደፋበት፤ ዳቦ ይነከርበታል። ከዶሮው በኋላ እንዴት ይበላል አልኩ። ተበላ። "የሰው እጅ አይመለስም" አለች አክስቴ፣ ዶሮውን ደግማ እያወጣች።

ቡናው ከሰዓቱን ሁሉ ወሰደ። ሐረሮች ቡናቸውን ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ አድርቀው ነው የሚያዘጋጁት፤ የቤቱ ሽታ ለዚህ ይሆናል ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው። ፍሬው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ገለፈቱም ቅጠሉም እዚሁ ይጠጣል። ቅጠሉ ተቆልቶ ይፈላል፤ ገለፈቱ ደግሞ አሸር ይባላል። የቡና ተክል ባለቤት ሆኖ ከሥሩ በቀር ምንም ያልተወ አገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሲመሽ "ጅብ ላይ ልሂድ" አልኩ።

"የት?" አለች።

"ፈላና በር። ሲመገቡ ለማየት።"

"ብር ከፍለህ?" የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። "ለጅብ? አንተ ልጅ ጤና የለህም። ትንሽ ቆይተህ በሩን ገርበብ አድርገህ ቁም፣ በነፃ ያልፍልሃል።"

ይህን ያህል ዓመት ሐረር ኖራ ጅብ ሲመገብ አይታ አታውቅም። እኔም አዲስ አበባ ኖሬ ሉሲን ያየሁት ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዤ ስሄድ ነው፤ ስለዚህ አልፈረድኩም። ደግሞ እውነቷን ነው። ሲመሽ ጅቦቹ በጀጎል ግንብ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው መንገዱን ያጸዳሉ፣ ውሻ እንኳን መጮህ ሰልችቶታል። ቢሆንም ሄድኩ፤ በባጃጅ። ባለጅቡ ሜዳው ላይ ቅርጫት ሥጋ ይዞ ይቀመጣል። በየስማቸው ይጠራቸዋል፣ እነሱም ከጨለማው አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ፤ ትከሻቸው ከፍ፣ ወገባቸው ዝቅ፣ ዓይናቸው በመኪናው መብራት እየበራ። ሥጋው አጭር እንጨት ላይ ይጠመጠማል፣ እንጨቱን በእጅ መያዝ ይቻላል፣ የደፈረ በጥርሱ ይነክሳል። በልጅነታችን በጅብ ስም ተኝተን፣ በጅብ ስም በልተን፣ በጅብ ስም ትምህርት ቤት ሄደን ያደግን ሰዎች እንጨቱን በጥርሳችን ነክሰን ፊታችንን ለፊቱ ስናቀርብ እናታችን ምን ትል ይሆን የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ይመጣል። ትንፋሹ ይሸታል። ሥጋውን የሚወስደው ግን በጥንቃቄ ነው፤ ምሳ ላይ እንጀራ ከዘረጋችልኝ አክስቴ ይልቅ ጨዋነት አለው፣ አልፈልግም ያለውን አያስገድድም።

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሐረር ላይ ጅቡን ያውቁታል፣ ከነአባቱ ያውቁታል፤ አውቀውም ያነጥፉለታል። በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፣ አበላሉም የመጪው ዓመት ምልክት ተብሎ ይታያል። ከዚህ በላይ መስተንግዶ ያገኘ ጅብ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

እሁድ ጠዋት ወደ ዝርዝሩ። ሃላዋና ሙሸበክ ለእህቶቼ፤ የታሸገ ቡና ለአለቃዬ፤ ሙዳይ ለአንዲት ጎረቤት፣ "ቀዩ የበዛበት፣ ግን ቀይ ቀይ የማይል"። ሃላዋ የሚሸጠው ሰውዬ "ቅመስ" እያለ ከየዓይነቱ ቆርሶ ሰጠኝ፤ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጠገብኩ፤ ለአክስቴ አልነገርኳትም። ቤት ስመለስ ሳሎኑ መሐል አንድ ካርቶን በገመድ ታስሮ ቆሟል። ዳቦ ቆሎ አለበት፣ በርበሬ አለበት፣ በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ዶሮ አለበት። እኔ የያዝኩት ከካርቶኑ ጎን ሲቆም አሳዘነኝ።

"ይሄ ያንተ ነው" አለች። ከዚያ ከጓዳ ሌላ ካርቶን አወጣች፤ እሱም በገመድ የታሰረ፣ በእስክሪብቶ ምንም ያልተጻፈበት። "ይሄ ደግሞ ያንተ አይደለም። ቦሌ ስትወርድ አንድ ሰው ይጠብቅሃል።"

ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ ላይ የሐረር ተመላሽ ሁሉ ካርቶኑን ይዞ ተሰልፏል፤ የሃላዋ ሽታ ፍተሻውን ቀድሞ ያልፋል። ሠራተኛው ሁለተኛውን ካርቶን አንስቶ "ውስጡ ምንድነው?" አለኝ። አላውቅም አይባል ነገር። ለአክስቴ ደወልኩ። "የሚበላ ነው በለው" አለች። ነገርኩት። ጫፉን ከፈት አድርጎ አሸተተና "ወላሂ ጥሩ ነው" ብሎ ዘጋው።

"ቆይ እንጂ አክስቴ፣ የሚቀበለኝ ሰው ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ።"

"ምን አስጨነቀህ፣ አቦ! እሱ ያውቅሃል።"